ሸቤ፣ ቁጥር አርባ ሰባት

የፕላንና ስታትስቲክስ ክፍል ኃላፊያችን ወረቀት ሲገልጥ አውራ ጣቱን ይልስ ነበር። ምራቁ የነካው ጠርዝ ይጨማደዳል፤ እኔ ደግሞ ያንን ወረቀት ተቀብዬ በቴሌክስ እልካለሁ። ስለ እሱ ልጽፍ ስነሳ የምጀምርበት ደግ ነገር ፈልጌ ነበር። አላገኘሁም። ስለዚህ ከምራቁ ጀመርኩ።

ዘመኑ የደርግ መጨረሻ ዓመታት ነው። ጅማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ቡና ድርጅት ቅርንጫፍ የቴሌክስ ሠራተኛ ነበርኩ። ክፍሌ ከደረጃው ሥር ያለች፣ መስኮቷ ወደ ጓሮ የሚያይ ጠባብ ክፍል ናት። ቴሌክስ ምን እንደነበር የማያውቅ ትውልድ ስለመጣ ልናገር፦ በስልክ መስመር የሚሠራ የጽሕፈት መኪና ነው። እኔ ጅማ ሆኜ የመታሁት አዲስ አበባ ያለው መኪና ላይ እዚያው ይታተማል፤ እነሱ የመቱት እኔ ጋ። ፊደላችንን ግን አያውቅም፤ አማርኛውን የምንጽፈው በላቲን ፊደል ነበር። ስም በላክን ቁጥር እዚያ ሲደርስ የማን እንደሆነ ለመለየት ስለሚቸገሩ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት “ስም ተዉት፣ ቁጥር ይበቃል” የሚል ትእዛዝ መጣ። ኮምፒዩተርም ስለተገዛ ቁጥር ይወዳል ተባለ።

ኮምፒዩተሩን አይቼው አላውቅም። ስለ እሱ የማውቀውን የነገረችኝ አዲስ አበባ ያለችው የቴሌክስ ሠራተኛ ናት። እሷንም አይቻት አላውቅም። መልእክት ስንጨርስ መስመሩ ሳይዘጋ ሁለት ሦስት ቃል እንለዋወጥ ነበር። “እህቴ፣ ጅማ ዘነበ?” ትለኛለች። እኔም እህቴ እያልኩ እመልስላታለሁ። እንዲህ እያልን ብዙ ነገር አስተማረችኝ፤ ከኃላፊዎቼ አንድም ሰው ያላስተማረኝን።

እንደ እሷ አባባል እዚያ ያሉት ኮምፒዩተሮች ሁለት ነበሩ። አንዱ ከአብዮቱ በፊት ከምዕራብ አገር የተገዛ አሮጌ፣ ሌላው ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣ አዲስ። የማጠቢያ ጣቢያዎቹ ሠንጠረዥ በአሮጌው ላይ ተቀምጧል፣ የሠራተኞቹ ሠንጠረዥ በአዲሱ። ሁለቱ ማሽኖች አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም። ስለዚህ በመካከላቸው አስተርጓሚ የሚሆን ፕሮግራም ተሠራላቸው። ጥያቄውን ከማንም ይምጣ በአንድ መልክ ይቀበላል፤ ለእያንዳንዱ ማሽን በራሱ ቋንቋ ያቀርብለታል፤ መልሱንም እንደገና በአንድ መልክ አውጥቶ ይሰጣል። ጠያቂው መልሱ ከየትኛው ማሽን እንደመጣ ማወቅ አያስፈልገውም። ኦሮምኛና አማርኛ በሚደባለቅበት ገበያ ላደገ ሰው ይህ አይከብድም። እኔ ወዲያው ገባኝ።

የእኛ ድርሻ ጥያቄውን በልኩ ማዘጋጀት ነበር። አምስት መስመር አለው፦ ማን እንደጠየቀ፣ ከየትኛው ሠንጠረዥ፣ የትኛው ዓምድ፣ በየትኛው ቁጥር፣ በመጨረሻም የፈቀደው ሰው ስም። እኔ እመታለሁ፣ እህቴ የመጣላትን ለማሽን ክፍሉ ታስገባለች፣ መልሱ ሲወጣ ትመታልኛለች። የጣቢያው ቁጥርና የሰውየው ቁጥር ተጣምረው አንድ ሰው ያወጣሉ። በአንድ ጣቢያ አንድ ቁጥር የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ሰው በዚያው ቁጥር ቢመጣበት ማሽኑ አይቀበልም። ሕጉ ይህ ነበር። ለአዲስ አበባ ጥሩ ሕግ ነው።

ለሸቤ ግን አልሆነም። ሸቤ ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የቡና ከተማ ናት። የማጠቢያ ጣቢያው በር ላይ ምስማር የተመታበት ሳንቃ አለ፤ በየምስማሩ ቁጥር የተቀባበት ቆርቆሮ ይንጠለጠላል። ሠራተኛው ጠዋት ሲገባ ቆርቆሮውን ያነሣል፣ ሲወጣ ይሰቅላል። ፎርማኑ ሥራ የሚያድለው በቁጥር ተራ ስለሆነ ትንሽ ቁጥር ያለው መፈልፈያ ማሽኑ ላይ ወይም ውኃ ቦዩ ላይ ይመደባል፤ ትልቅ ቁጥር ያለው የበሰበሰ የቡና ገለባ ይሸከማል። የገለባውን ግማት ያሸተተ አይረሳውም። ልብስ ላይ ሳምንት ይቆያል፣ ወንዙን ያጠቁራል። ስለዚህ ትንሽ ቁጥር እንደ ርስት ነበር። ሰው ሥራ ሲለቅ ቆርቆሮውን ለአገሩ ልጅ ወይም ለወዳጁ ያወርሳል፤ ፎርማኑም እሺ ይላል። ቁጥሩ የሰው ሳይሆን የቆርቆሮው ነበር ማለት ነው።

ይህን ኃላፊያችን አልሰማሁም እንዳይል በጆሮዬ የሰማሁትን ልጻፍ። መዝገቦቻችን ከኮምፒዩተሩ ጋር ይመሳከሩ የተባለ ጊዜ የሠራተኞቹን ካርዶች አንድ በአንድ ያወጣነው እኔና የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ ነን። ሽማግሌው የጅማ ሰው ናቸው፣ ሙስሊም፣ የእጅ ጽሕፈታቸው ያማረ። እኔን ከስሜ ይልቅ “ኢንተላ ኮ” ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ሸቤ ላይ ስንደርስ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና ይዘውኝ ፎቅ ወጡ።

“ጓድ ኃላፊ፣ የሸቤ ቁጥር የሰው አይደለም፣ የቆርቆሮ ነው” አሉት።

“አልገባኝም።”

“ሰው ሲሄድ ቆርቆሮው ይቀራል። ቆርቆሮውን ያነሣ ቁጥሩን አነሣ። በካርዴ ላይ በአንድ ቁጥር ሁለት ሰው፣ ሦስት ሰው አለ። የቀደመውን ሰርዤ የኋላውን ከሥሩ እጽፋለሁ።”

“ይህ ኋላ ቀር አሠራር ነው፤ ይቀራል።”

“ይቅር። እስኪቀር ግን ማሽኑ የቱን ሰው ነው የሚያውቀው?”

“ማሽኑ የላካችሁለትን ያውቃል። አባቴ፣ እርስዎ ካርድዎን ይጠብቁ” አለና ጣቱን ልሶ ወደ ሌላ ወረቀት ዞረ።

ደረጃውን ስንወርድ ሽማግሌው “ወላሂ፣ ይህን ሰው ከብት ብታስጠብቂው ማታ ጅራት ቆጥሮ ይገባል፤ ላሟ ኖረችም አልኖረችም” አሉኝ። ሳቅኩ። መሳቅ አልነበረብኝም። በዚያው ሳምንት የጅማ መዛግብት ያለ አንዳች ልዩነት ከኮምፒዩተሩ ጋር መጣጣማቸውን የሚገልጽ ሪፖርት በእሱ ፊርማ ላክሁ። የእኔና የሽማግሌው ሥራ የሚል አንድ ቃል የለበትም። እሱ ግን በዚያ ሪፖርት ለአንድ ዓመት የውጭ ትምህርት ታጨ።

አሁን አርባ ሰባት ቁጥር ማን እንደነበር መናገር አለብኝ። በሸቤ ጣቢያ መፈልፈያ ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ ሠራተኛ ነው። ከደቡብ መጥቶ የቀረ፣ ጴንጤ። የጸሎት ቤታቸው ስለታሸገ በየቤቱ ይሰበሰቡ ነበር። ልጋባው የነበረ ሰው ነው። ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ያሉት ቤተሰቦቼ በእምነቱ ምክንያት አልወደዱትም፤ መሥሪያ ቤት ውስጥም ማንም አያውቅም ነበር። ስለ እኛ ከዚህ በላይ አልጽፍም። አርባ ሰባት ቁጥርን የወረሰው ከአንድ የአገሩ ሰው ነው፤ ያ ሰው ከፎርማኑ ተጣልቶ ተሰናበተና ቆርቆሮውን ለእሱ ተወለት።

አፈሳው የበረታ ጊዜ አስተዳደሩ ለድርጅታችን ደብዳቤ ጻፈ፦ ለውትድርና የማይፈለጉት ቋሚ ሠራተኞቻችሁ እነማን እንደሆኑ ዝርዝር ላኩ፣ እስከ ሐሙስ። ሽማግሌው ከካርዶቻቸው በአንድ ቀን አውጥቼ እሰጣለሁ አሉ።

“ከካርድ አይወጣም” አለ ኃላፊው። “ከኮምፒዩተሩ ይውጣ። ጅማ በኮምፒዩተር ዝርዝር ሰጠች ይባል።”

ሁለት ቀን ሙሉ ጥያቄ መታሁ። ሠንጠረዥ፣ ሠራተኞች። ዓምድ፣ የሥራ ሁኔታ። ጣቢያ፣ ሸቤ። ቁጥር፣ አንድ። መልስ፣ በሥራ ላይ። እንዲህ እያልን ቀጠልን። አርባ ሰባት ላይ ስደርስ መኪናው ትንሽ ቆየና “ተሰናብቷል” ብሎ መታ።

ወረቀቱን ቀድጄ ፎቅ ወጣሁ። “ይህ የቀድሞው ሰው ነው፣ አሁን በቁጥሩ የሚሠራው ሌላ ነው፤ በስም ልጠይቅ ይፈቀድልኝ” አልኩት።

“በስም አይጠየቅም ተብሏል።”

“ሽማግሌው የነገሩዎት ይኼው ነው።”

“እኔ ልዩነት የለም ብዬ ፈርሜአለሁ። ዛሬ ልዩነት አለ ብዬ ጥያቄ ልፈርም?” አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። እንዲያውም ፈገግ ብሎ ነበር፤ ሽቶው ክፍሉን ሞልቶታል። የሸቤን ገለባ ግማት ከዚያ ሽቶ እመርጣለሁ።

ወረድኩና የማይደረገውን አደረግሁ። ፈቃጅ በሚለው መስመር ምንም ሳልጽፍ፣ እንደ ወግ አድርጌ፣ ለአዲስ አበባዋ እህቴ የሰውየውን ስምና የተቀጠረበትን ዓመት መታሁላት። በዚህ ስም በሸቤ ሰው አለ ወይ?

“ዘመድሽ ነው?” አለችኝ።

“አዎ” ብዬ መታሁ።

ከምሳ በኋላ መልሱ መጣ። በሠንጠረዡ ውስጥ የለም። ነገር ግን ማሽኑ ያልተቀበላቸው ረድፎች ለብቻቸው በሌላ ወረቀት ይታተማሉ፤ ያንን ወረቀት ማንም አያነብም፣ መሳቢያ ውስጥ ይከማቻል። እሷ አገላብጣ አገኘችው። ጣቢያ ሸቤ፣ ቁጥር አርባ ሰባት፣ ስሙ፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ ቋሚ፣ ከዚያ “ተደጋጋሚ፣ አልገባም”። ሰውየው እስከ ማሽኑ በር ድረስ ደርሶ፣ ቁጥሩን ሌላ ሰው ይዞት ስለነበረ ተመልሷል። በማመሳከሩ ጊዜ እኔ የላክሁት ረድፍ ነው፤ የሽማግሌውን ካርድ እያየሁ በራሴ ጣት የመታሁት።

ወረቀቱን ይዤ እንደገና ወጣሁ። ኃላፊው አነበበው። ጣቱን ላሰ፣ ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ ጀርባው ባዶ ነው።

“ይህን ማን ፈቀደ?”

“ማንም። ግን እውነት ነው።”

“ተደጋጋሚ ማለት ስህተት ማለት ነው። ማሽኑ ስህተት አልቀበልም አለ። ይህ የሚያሳየው ማሽኑ በትክክል መሥራቱን ነው።”

“ስህተቱ የማን እንደሆነ ያውቃሉ።”

ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ ከተተና ቆለፈ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠና ትኩር ብሎ አየኝ። “አንቺ መልእክት አስተላላፊ ነሽ። እንዲህ የሚያንገበግብሽ ለምንድን ነው? ሰውየው ምንሽ ነው?”

በዚያ ዘመን ጴንጤ እጮኛ አላት መባል ከሥራ ያባርራል፤ ያልተፈቀደ ጥያቄ ልኬ መገኘቴ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። ይህን ሁሉ ያሰብኩ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስታውሰው ግን ምንም አላሰብኩም። አፌ ቀደመኝ።

“ምኔም አይደለም” አልኩት።

“እንግዲያስ ሥራሽን ሥሪ።”

በእሱ ላይ ያለኝ ቂም ብዙ ነው፣ ይህን አልደብቅም። የእኔን ማስታወሻ ደብተር፣ የጅማን ቁጥር ከአዲስ አበባው ጋር ያመሳከርኩበትን፣ የራሱ ሥራ አስመስሎ ለዋናው መሥሪያ ቤት አሳይቷል። ቂሙ ሁሉ ግን ከዚህች ቃል አያልፍም። በአፌ ያስባለኝ እሱ ነው፤ ያልኩት እኔ ነኝ። ሁለታችንንም እጸየፋለሁ።

ዝርዝሩ ሐሙስ ሄደ፣ የድርጅቱ ማኅተም ተመቶበት፤ ከሸቤ አርባ ሰባት ትይዩ “ተሰናብቷል” ይላል። ቅዳሜ የሸቤ ገበያ ተከበበ። ከማጠቢያ ጣቢያው ሠራተኞች ውስጥ በዝርዝሩ በሥራ ላይ የተባሉት ተመርጠው ተለቀቁ፤ አርባ ሰባት ቁጥር ግን ከሌሎቹ ጋር ተጭኖ ጅማ መጣ። አንድ የመጋዘን ግቢ ውስጥ አሳደሯቸው።

እሑድ ጠዋት ለሽማግሌው ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። ለእሳቸው አልዋሸሁም። ሰምተውኝ ሲያበቁ ኮታቸውን ለብሰው መሥሪያ ቤት ሄዱና የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ ከፍተው ካርዱን ይዘው ወጡ። እኒያ ሽማግሌ ካርድ ከመዝገብ ቤት ሲያወጡ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው። ኮታቸው ውስጥ ደረታቸው ላይ አድርገውት እስከ መጋዘኑ ሄድን።

በሩ ላይ ያለው አሥር አለቃ ደክሞታል፤ ጨዋ ነበር። ካርዱን ተቀብሎ አየ፤ የተሰረዘውን ስም፣ ከሥሩ የተጻፈውን፣ የአውራ ጣት አሻራውን። ከዚያ ዝርዝሩን አወጣ።

“አባባ፣ ይኼ ተሰናብቷል ይላል።”

“እሱ የበፊቱ ነው ልጄ። ማሎ፣ እባክህ ዝቅ ብለህ እይ፣ እዚህ ጋ።”

“አየሁ። ሁለቱም የእናንተው መሥሪያ ቤት ነው። የትኛውን ልመን?”

“ካርዱን። እኔ ነኝ የጻፍኩት።”

“እርስዎ የጻፉት ማኅተም የለውም። ይኼኛው አለው፣ ደግሞ የኮምፒዩተር ነው ብለውናል።” ካርዱን በሁለት እጁ መለሰላቸው። “ኃላፊያችሁ ይምጣና ተሳስተን ነው ይበል። አሁኑኑ እለቀዋለሁ። ነገ ከሰዓት በፊት ግን ይሁን።”

ኃላፊው ግን በማግስቱ አልነበረም። በዚያው እሑድ ለፓስፖርቱ ጉዳይ አዲስ አበባ ሄዷል። ሥራ አስኪያጁን ደብዳቤ እንዲጽፍልን ብንለምነውም ያለ ክፍል ኃላፊው አስተያየት ማኅተም አልመታም አለ። ሰኞ መኪኖቹ ሲጫኑ በአጥሩ በኩል አየሁት። እሱም አየኝ። ወደ አጥሩ ጠጋ ብሎ፣ “መፈልፈያው ዘይት ይፈልጋል፣ ቅዳሜ ላደርግለት ነበር። ለፎርማኑ ንገሪልኝ፣ እንዲህ እንዳለ ካስነሡት ይነክሳል” አለኝ።

“እነግራለሁ።”

“ለምን ቆርቆሮዬን አላዩም?” አለ። በኪሱ ነበር፤ አውጥቶ አሳየኝ። አርባ ሰባት። ለወታደሮቹ ሲያሳያቸው ስቀውበታል። መኪኖቹ በሰኮሩ በኩል፣ በአዲስ አበባው መንገድ ወጡ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። የት እንደወደቀ የነገረኝም የለም።

ፎርማኑ ጋ መልእክቱን አደረስኩ።

ከወር በኋላ ኃላፊው ክፍሌ ድረስ ወረደ። በስምንት ዓመት ውስጥ ወደዚያች ክፍል ሲመጣ አላየሁትም። ትምህርቱ ጸድቆለታል፣ አዲስ ሱፍ ለብሷል። አንድ ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ፣ አምስቱ መስመሮች በትክክል ተሞልተው፣ ፈቃጅ በሚለውም ተፈርሞበት። ሠንጠረዥ፣ ሠራተኞች። ጣቢያ፣ ሸቤ። ቁጥር፣ አርባ ሰባት። የቀድሞው ረድፍ ይውጣና የሚከተለው ይግባ፤ ስሙ፣ የተቀጠረበት ዓመት። የሥራ ሁኔታ፣ በሥራ ላይ።

“ተቆጣጣሪ እየመጣ ነው” አለ። “ካርዱና ማሽኑ መጣጣም አለባቸው።”

“ሰውየው ግን ሥራ ላይ አይደለም” አልኩት።

“ካርዱ ምን ይላል?”

ቅጹን አነሣሁት።

“ካርዱ ነው ትክክል ብላችሁ ስታስቸግሩኝ አልነበረም፣ አንቺና አባትዬው? ይኸው፣ ትክክል ይሁን። ላኪው፣ እዚሁ ነኝ።” ደረጃው ላይ ወጥቶ ቆመ።

“እንግዲያው ተሳስተን ነው የሚል ደብዳቤ ለጦሩ ይጻፍልኝ” አልኩት በበሩ።

“ምኔም አይደለም አላልሽም?” አለኝ።

መታሁት። እምቢ ማለት ይቻል እንደነበር አውቃለሁ፤ ሽማግሌው ቢሆኑ እምቢ ይሉ ነበር። ስሙን አንድ ፊደል ሳልሳሳት በላቲን መታሁ። ትንሽ ቆይቶ መኪናው ተንቀሳቀሰ፤ የአዲስ አበባዋ እህቴ ናት።

“ደርሶናል። አንድ ረድፍ ታርሟል። አሁን በሥራ ላይ ይላል፣ አይቼዋለሁ። እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ፣ እኔም ሳስብልሽ ነበር።”

እሱ ደረጃው ላይ ሆኖ ይጠብቃል። “አመሰግናለሁ” ብዬ መታሁላትና መስመሩን ዘጋሁ።